መርፌውን ከማሰብህ በፊት ተኛ

ካዛንቺስ ጂም ውስጥ አንዱ ልጅ «ሆርሞኔ ወርዷል መሰለኝ፣ የቴስቶስትሮን መርፌ ልጀምር ነው» አለኝ። በሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለህ ስለው «አራት፣ ቢበዛ አምስት» አለ። በቃ፣ ከዚሁ እንጀምር።

ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ዋናው የወንድ ሆርሞን፣ በብዛት የሚመረተው ተኝተን ሳለ ነው። ጠዋት ከፍ ይላል፣ እየዋለ ይወርዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የቺካጎ ጥናት 10 ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በቀን 5 ሰዓት ብቻ አስተኝቶ ሲለካ፣ የቀኑ ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዶ ተገኘ። አሥር ሰው ጥቂት ነው፣ እሺ። ግን በአንድ ሳምንት ነው!

መጀመሪያ የምትነሳበትን ሰዓት ቁረጥ፣ እሁድም ያው ይሁን። ከዚያ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠር። ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሳ ከሆነ ማታ 5 ሰዓት ላይ ተኝተህ መገኘት አለብህ። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ አንዳንዴ ገና በዚያ ሰዓት ነው የሚጀመረው፣ አውቃለሁ። ውጤቱን ጠዋት እየው።

ማኪያቶ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ጫት የሚቅም ሰውማ ሁለቴ ነው የሚጎዳው፦ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ያንን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ ቢያስተኛውም ሌሊቱን ይቆራርጥበታል። መንገድ ዳር ከሆንክ፣ ፒያሳና አራት ኪሎ በመብራት ሌሊቱም ቀን ነው፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀል።

ሚስትህ «ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል» ካለችህ አትሳቅ። ሐኪም ጋ ሂድ። እንዲህ ያለ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሳል፣ ሆርሞኑም ሊወርድ ይችላል።

ልጅ እየሞከራችሁ ከሆነ ደግሞ ትዕግስት ያስፈልጋል። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ የዚህ ሳምንት እንቅልፍ ዛሬ አይታይም፤ ሦስት ወር ስጠው። ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ ሁለታችሁም ተመርመሩ። ሚስትን ብቻዋን ከክሊኒክ ክሊኒክ ማንከራተት ነውር ነው፣ ችግሩ ከወንዱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሆርሞን ምርመራ ደም የምትሰጠው ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ በደንብ ተኝተህ ባደርክበት ቀን ይሁን።

መርፌውስ? ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አእምሮ «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬዎቹ ትእዛዝ መላኩን ያቆማል። ጡንቻው ይመጣል፣ ዘሩ ግን ይመናመናል፣ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል። የጂሙ ልጅ ይህን ሲሰማ ነው ዝም ያለው። ካገባ ገና ስድስት ወሩ ነው።