ፋይበርን በሬዲዮ ሲያስቀጥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱሉልታ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ አካባቢ የኢንተርኔት ፋይበሩ ዋናው መንገድ ላይ ቀርቶባችሁ ቀሪውን በሬዲዮ ወይም በአየር ላይ በሚላክ ሌዘር ለመጨረስ ካሰባችሁ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአተካከሉ ነው።

በጥር ለክቶ መትከል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሁሉም መሣሪያ ይሠራል፤ ፈተናው ሐምሌ ላይ ነው። በአየር ላይ የሚላክ ሌዘር ዝናቡን ከሞላ ጎደል ይችለዋል፣ ጉም ግን ያጠፋዋል፤ ከእንጦጦ ጀርባ የጠዋት ጉም ድፍን ሲል በአንድ ኪሎ ሜትር ከ100 ዴሲቤል (የምልክት መዳከም መለኪያ) በላይ ሊበላ ይችላል። ከ70 እስከ 80 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ሬዲዮ ተቃራኒ ነው፤ ጉም ብዙም አያስጨንቀውም፣ ኃይለኛ ዝናብ ይጥለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል ያዋጣል። አቅም ካልፈቀደ የ5 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ መጠባበቂያ ይሁን፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ዝናብ እምብዛም አይነካውም። 60 ጊጋኸርዝን ለረጅም ርቀት አትምረጡ፤ በጠራ ቀንም ኦክስጅኑ ራሱ በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ገደማ ይወስድበታል። ለምትመርጡት ሞገድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም አስቀድማችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።

የወዲያኛው ጫፍ ማማ ስለታየ ብቻ መርካት። ሬዲዮ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መሐል ላይ ይሰፋል። በ5.8 ጊጋኸርዝ 2 ኪሎ ሜትር ሲሻገር መሐሉ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 3 ሜትሩ፣ ክፍት መሆን አለበት። ዛሬ ከሥር ያለው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት እዚያ ይደርሳል፤ ቅጠሉ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ከፊት ለፊታችሁ የኮለን ብረት ቆሞ ካያችሁ ባለቤቱን ስንት ፎቅ እንደሚያወጣ ጠይቁት።

አንቴናውን የሮቶ ማቆሚያ ላይ ማሰር። በ80 ጊጋኸርዝ የ60 ሴንቲ ሜትር ሰሃን የጨረሩ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ማቆሚያው በነፋስ ትንሽ ቢወዛወዝ ጨረሩ ዒላማውን ይስታል። ኮንክሪት ላይ እሰሩት።

የፋይበሩን ጫፍ በጣት መንካት። ብርሃኑ የሚያልፍበት መሐሉ 9 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ስለሆነ የኮረኮንች አቧራ አንዷ ቅንጣት ትበቃዋለች። በአልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጸዳ። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አታስጠጉ።

ባትሪ ቤት ብቻ ማስቀመጥ። መሐል ላይ ምልክቱን የሚያቀብል ሌላ ጣሪያ ካለ፣ እዚያ ያለው ሬዲዮ መብራት ከጠፋበት የእናንተ ባትሪ አያድናችሁም፤ በየማረፊያው ይኑር። ከጣሪያ የሚወርደው ገመድም መዳብ ስለሆነ የመብረቅን ኃይል ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል፤ አንቴናው የቆመበትን ብረት መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር አያይዙት፣ ገመዱ ቤት ሳይገባም የመብረቅ መከላከያ አድርጉበት።