ሰባት ቤት ቆጥሮ መሳሳት፦ የኤምአርኤስኤን ዝርያ ስንለይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ልጅ ለመዳር እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። እኛ ላቦራቶሪ የምንውል ሰዎችም መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ፣ ማለትም ኤምአርኤስኤን፣ ሰባት ጂኖቹን አንብበን ከማን ጋር እንደሚዛመድ እንቆጥራለን። ቆጠራው የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ናሙናው ማሽኑ ዘንድ ሳይደርስ ነው።

ዋናው ስህተት ከአፍንጫ ወይም ከብጉንጅ መግል የተወሰደውን ናሙና ሳያሳድጉ በቀጥታ ለፒሲአር (ጂን አባዝቶ ለሚለይ ምርመራ) መስጠት ነው። የምንፈልገው፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲቋቋም የሚያደርገው ሜክኤ የተባለው ጂን ቆዳችን ላይ በሰላም በሚኖሩ ሌሎች ስታፊሎኮከሶችም ውስጥ ይገኛል። በአንድ አፍንጫ ውስጥ መድኃኒት የሚበግረው ኦሪየስና ሜክኤ ያለው ጎረቤቱ አብረው ካሉ፣ ውጤቱ የሌለ ኤምአርኤስኤ ይወልዳል። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ከአንድ ሳህን ላይ ወርቃማዋንና ነጯን ኮሎኒ (በሳህኑ ላይ የበቀለ የባክቴሪያ ክምር) አንድ ላይ ጠርጌ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሌለ ዘር ሳሳድድ ከርሜያለሁ። አንዲት ኮሎኒ ብቻ ተለይታ እንደገና ትዘራ፤ ኦሪየስ መሆኗን ለማወቅ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ማርጋቷም ይታይ።

ባክቴሪያው መድኃኒት መላመዱን ለማየት በኦክሳሲሊን ዲስክ (መድኃኒት በተነከረ ክብ ወረቀት) መታመንም ይቅር። 30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን ያለበት ዲስክ ይሻላል፤ በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ 22 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፣ 21 እና ከዚያ በታች ከሆነ አይሠራም። ልዩነቱ አንዲት ሚሊ ሜትር ስለሆነች በዓይን ግምት አይነበብም። ዲስኩ መድኃኒቱ አይሠራም ብሎ ሜክኤ ካልተገኘ ደግሞ ዲስኩን ከመውቀስ በፊት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነውን፣ ሜክሲ የተባለውን የሜክኤ ዘመድ ጂን መፈለግ ይገባል።

ብዙዎቻችን የምንወድቀው ግን ሜክኤን የሚሸከመው የጂን ጥቅል አራተኛው ወይም አምስተኛው ዓይነት ሲሆን «ይህ ከኅብረተሰቡ የመጣ ነው» ብለን ስንቸኩል ነው። እነዚህ ጥቅሎች ሆስፒታልም ገብተዋል። በሽተኛው ሆስፒታል ተኝቶ አያውቅ ይሆናል፤ እናቱን ሲያስታምም ግን ከአልጋዋ ሥር ሳምንት አድሮ እንደሆነ የጠየቀው አለ? በእኛ አገር አስታማሚ ግማሽ ታካሚ ነው። ይህን ጂን አይነግረንም።

ፒቪኤል የተባለው መርዝ ጂን መገኘቱም የኤምአርኤስኤ ምስክር አይደለም፤ መድኃኒት በሚበግራቸውም ላይ አለ።

ከሁለት ሰዎች የተገኘው ባክቴሪያ በሰባቱ ጂኖች አንድ ሆኖ ቢገኝ አንዱ ሰው ለሌላው አስተላለፈ ማለት አይቻልም። ሰባቱ ጂኖች ቀስ ብለው ነው የሚለወጡት። እስከ ሰባት ቤት መዛመድ አንድ ማዕድ መቁረስ አይደለምና፣ መተላለፉን ለማለት ወደ 2.8 ሚሊዮን ፊደል የሚጠጋውን የባክቴሪያውን ሙሉ ጂኖም (የዘር መረጃ) ማነጻጸርና ሰዎቹ የት እንደተገናኙ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፣ ናሙና የሚቀመጥበትን ቱቦ በተራ እስክሪብቶ አትጻፉበት። አልኮል ሲነካው ከደብረ ማርቆስ የመጣው ከዳንግላ ከመጣው አይለይም።