የስዊቹ መብራት በርቶ ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ሲከለከል

በስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል በሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ዝግ የተጠቃሚዎች ቡድን ሲዋቀር ፖርቱ፣ ማለትም የኬብሉ መሰኪያ፣ አስቀድሞ ማንነት ይጠይቃል፤ የተፈቀደለት ወደ ቡድኑ ቪላን (VLAN፣ በስዊቹ ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) ይገባል፣ ያልተፈቀደለት ደጅ ይቀራል። ሥራውን የሚመራው 802.1ኤክስ (802.1X) የተባለው የማረጋገጫ ደንብ ሲሆን ሦስት ወገኖች ይነጋገሩበታል፦ መሣሪያው፣ ስዊቹና ማን እንደሚገባ የሚወስነው ራዲየስ (RADIUS) ሰርቨር። ብልሽት ሲያጋጥም ፖርቱን ክፍት አድርጎ ማለፍ ይቀላል፤ እባካችሁ አታድርጉት። «ለጊዜው» የተከፈተ ፖርት ተረስቶ ይቀራል። ይልቅ የሰርቨሩን ሎግ (የደረሰውን ጥያቄ ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ክፈቱና የመሣሪያው ጥያቄ መድረሱን እዩ።

ጥያቄው አልደረሰም፤ የተቸገረው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው

ኮምፒውተሩ ስዊቹን እያነጋገረ አይደለም ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ የባለገመድ ማረጋገጫውን የሚያስኬደው አገልግሎት ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ አስነሱትና ኮምፒውተሩ ሲከፈት በራሱ እንዲነሳ አድርጉት። እሱ ደህና ከሆነ ኬብሉን እስከ ፖርቱ ተከተሉ። መሃል ላይ ጠረጴዛ ሥር የተሰካ ትንሽ ስዊች ካለ የማረጋገጫውን መልእክት አላሳልፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። እሱን አውጥታችሁ በቀጥታ ሞክሩ።

ከአንድ ስዊች ላይ ያሉት ሁሉ ተከልክለዋል

ኮምፒውተሮቹን ተዉአቸው፤ ችግሩ በስዊቹና በሰርቨሩ መካከል ነው። በሁለቱ ላይ የተጻፈው የጋራ ምስጢር ቃል በአንዲት ፊደል ወይም በባዶ ቦታ ከተለያየ ሰርቨሩ ጥያቄውን ይጥለዋል፤ ስዊቹም መልስ አጣሁ ይላል። ቃሉን በሁለቱም በኩል እንደ አዲስ ጻፉት። ቀጥሎ የራዲየሱን የፖርት ቁጥር እዩ (ይህ የኬብል መሰኪያው ሳይሆን በቅንብሩ ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር ነው)፦ ማረጋገጫ በ1812 ይሄዳል፣ የቆዩ ቅንብሮች ግን 1645 ይዘው ይገኛሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የመነሻ አድራሻው ነው። ሰርቨሩ ስዊቹን የሚያውቀው በአይፒው (በኔትወርክ አድራሻው) ነው፤ ስዊቹ በርካታ አይፒ ካለው ደግሞ መንገዱ ሲቀየር ባልተመዘገበው አድራሻ ሊልክ ይችላል። ማንም ቅንብሩን ሳይነካ ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። የራዲየስ ጥያቄ ሁልጊዜ ከአንድ ኢንተርፌስ (የተመዘገበውን አይፒ ከያዘው የስዊቹ መውጫ) እንዲነሳ እሰሩት።

ሎጉ «ተፈቅዷል» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዟል

ይህ አድራሻ ኮምፒውተሩ አይፒ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ የሚይዘው ነው። ማንነቱ ታውቋል፤ የጠፋው የሚገባበት ቪላን ነው። ሰርቨሩ ሦስት ነገሮችን አሟልቶ መመለስ አለበት፦ የተነል ዓይነት (Tunnel-Type) 13፣ የማስተላለፊያው ዓይነት (Tunnel-Medium-Type) 6፣ እና የቪላኑ ቁጥር ወይም ስም። በስም ከላካችሁ ስዊቹ ላይ ያለው አጻጻፍ ያው መሆን አለበት፤ እኔ ቁጥሩን እመርጣለሁ። ቪላኑ እዚያው ስዊች ላይ መፈጠሩን፣ በትራንኩም (ብዙ ቪላኖችን ይዞ ስዊቾችን በሚያገናኘው መስመር) እንዲያልፍ መፈቀዱን አረጋግጡ። ትራንኩ ላይ የተረሳ ቪላን ብዙ ሰው አድክሟል።

ሁሉም ሰው በአንድ ጠዋት ተከለከለ

የሰርቨሩ ሰርቲፊኬት (ማንነቱን የሚያስረዳው ዲጂታል ማስረጃ) ጊዜው አልፎ ይሆናል፤ ወይም ሰዓቱ ተዛብቷል። ሰርቲፊኬቱን አድሱ፣ ሰዓቱን ከኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ ከሚያስተካክለው አገልግሎት) ጋር አገናኙ።

የጠረጴዛው የኔትወርክ ስልክ ሲገባ በእሱ በኩል የተሰካው ኮምፒውተር ይከለከላል

ፖርቱ አንድ መሣሪያ ብቻ እንዲቀበል ተዋቅሯል። ስልኩን በድምፅ ቪላን፣ ኮምፒውተሩን በዳታ ቪላን ለየብቻ ወደሚያረጋግጠው ሁነታ ቀይሩት።

ፕሪንተሩ ዘግይቶ ይገባል፣ አይፒም አያገኝም

ፕሪንተሩ 802.1ኤክስ ስለማያውቅ ስዊቹ ጠብቆ ጠብቆ ወደ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ማረጋገጫ ይዞራል። በብዙ የሲስኮ ስዊቾች ነባሪው ቅንብር 30 ሰከንድ እየጠበቀ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ 90 ሰከንድ መሆኑ ነው። እስከዚያ ፕሪንተሩ አይፒ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ መጠየቁን ሊተው ይችላል። የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ 10 ሰከንድ አውርዱት። ከዚያ በታች ካወረዳችሁት ቀስ ብለው የሚነሱ ኮምፒውተሮች ሳይደርሱ ይታለፋሉ። ማክ አድራሻ ግን ማንም ሊገለብጠው የሚችል ነው፤ በዚህ መንገድ የገባ መሣሪያ ከቡድኑ ቪላን ጋር አይቀላቀል። የራሱን ቪላን ስጡት፣ ከፕሪንት ሰርቨሩ በቀር ሌላ ቦታ እንዳይደርስም ዝጉበት።