ቡስተር ከመግዛትዎ በፊት የመኪናውን ቀበቶ በልጅዎ ላይ ይለኩት

ከጎንደር ወደ ደባርቅም ሆነ ወደ ባሕር ዳር ልጅ ይዘው በመኪና የሚጓዙ ከሆነ፣ ቡስተር የሚባለውን፣ ልጁን ከፍ አድርጎ የመኪናው ቀበቶ ልኩ እንዲሆን የሚያደርገውን የልጅ መቀመጫ በዕድሜ ብቻ አይምረጡ፤ ቁመቱ 145 ሴንቲሜትር ገደማ ላልደረሰ ልጅ የአዋቂ ቀበቶ አብዛኛውን ጊዜ ልኩ አይሆንም። ልጁን ቡስተሩ ላይ አስቀምጠው ቀበቶውን ይሰሩለትና የላይኛው ክፍል በአንገቱ ሳይሆን በትከሻው መሐል፣ የታችኛው ደግሞ በሆዱ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በዳሌው አጥንት ላይ ማረፉን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ፤ በግጭት ጊዜ አጥንት የሚችለውን ኃይል ለስላሳው ሆድ አይችለውምና። የመኪናው ወንበር የራስ መደገፊያ ከሌለው ጀርባ ያለው ቡስተር ይሻላል። ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ግን ከሥሩ ስለሚንሸራተት ቡስተርን ፈጽሞ አይተካም። ወገብን ብቻ የሚይዝ ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ ደግሞ ቡስተር አይጠቀሙ፤ ትከሻውን የሚይዝለት ነገር ስለሌለ የልጁ ራስና ደረት ወደ ፊት ይወረወራል።