ፀጉር ሲሳሳ የምንሰራቸው ስህተቶች፣ ከሁሉም በላይ ግን መደበቅ

እኔ ነገሩ የገባኝ ፀጉር ቤት ነው። ሁሌ የሚቆርጠኝ ልጅ ቶንዶሱን አነሳና "ጋሼ፣ ዜሮ ላርገው?" አለኝ። ከዛ በፊት "ብሮ" ነበርኩ። ሲጨርስ ደሞ ያቺን ትንሽ መስታወት ከኋላዬ ይዞ ሲያሳየኝ አናቴ ላይ የብር ሳንቲም የምታክል ቆዳ ታበራለች። "አሪፍ ነው" ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ከዛ ወዲህ መስታወቷን ሊያነሳ ሲል "ተወው አያስፈልግም" ነው የምለው፣ ሁለት አመት ሙሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፣ ላለማየት መወሰን። የወንዶች መላጣ አንድ ቀን ድንገት የሚመጣ አይደለም፣ ዲኤችቲ የሚባል ሆርሞን የፀጉሩን ስር ቀስ በቀስ እያቀጨጨው ፀጉሩ በበቀለ ቁጥር ቀጭንና አጭር እየሆነ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ይቀራል። መድሃኒት የሚረዳው ደሞ ገና ሲሳሳ እንጂ እንደ ሰሃን ካበራ በኋላ አይደለም። እኔ አይኔን ጨፍኜ ያሳለፍኩት ጊዜ ነው ዋናው ጊዜ። "የእናቴ አባት ፀጉራም ነበር እኔን አይነካኝም" የምትሉም አትዘናጉ፣ በእናትም በአባትም በኩል ይመጣል።

ሁለተኛው መደበቅ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ወንዱ ምንም አይልም፣ ኮፍያ ያደርጋል (ኮፍያ መላጣ አያመጣም፣ አትፍሩ) ወይም የጎኑን አሳድጎ ወዲያ ማዶ ያሻግረዋል፣ ታክሲ መስኮት ሲከፈት ግን ጉድ ነው። ሴቶቹ ጋ ነው መደበቁ ራሱ በሽታውን የሚያብሰው። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጥብቅ ያለ ሹሩባ ነው የምትሰራው፣ ተሰርታ በመጣችበት ቀን ማታ ትራስ ላይ መተኛት አትችልም፣ ቅንድቧ ወደላይ ተስቦ የራስ ምታት ኪኒን ትውጣለች፣ ፀጉር መስመሯ ላይ ትንንሽ ብጉር ይወጣል። "ካላመመ አይቆይም" ትላለች ሰሪዋ። 35 ስትሞላ ከጆሮዋ በላይና ግንባሯ ዳር ያለው ተመለጠ። ምን አደረገች? ለመሸፈን ሂውማን ሄር አሰፋች፣ እሱ ደሞ ከሹሩባው የበለጠ ይከብዳል፣ ይበልጥ ሳሳ፣ ከዛ ሙጫ ያለው ዊግ! ስሩ በመጎተት የተጎዳ ፀጉር ቶሎ ካሳረፉት ተመልሶ ይበቅላል፣ ለአመታት ከተጎተተ ግን ስሩ ጠባሳ ይሆንና በቃ። ሹሩባን አልተቃወምኩም፣ አፄ ቴዎድሮስም ሹሩባቸውን ተሰርተው ነው ሀገር የገዙት። ላላ ይበል ነው የምለው፣ የሚያም ከሆነ እዛው "አላላው" ማለት፣ በመሃል ደሞ ሁለት ሶስት ሳምንት ፈትቶ ማሳረፍ።

ሽበትም ያው መደበቅ ነው። የእህቴ ባል ለፋሲካ ዋዜማ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ገብቶ ጠዋት ሲነሳ አይኑ አይገለጥም፣ ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ዶሮ ወጡን ያሸተተው ድንገተኛ ክፍል ተቀምጦ ነው። ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፣ አስር ጊዜ ተቀብታችሁት ምንም ሳትሆኑ በአስራ አንደኛው ሊያስቆጣችሁ ይችላል። ከጆሮ ኋላ ትንሽ ቀብቶ 48 ሰአት መጠበቅ ነው፣ ማን ይጠብቃል እንጂ።

ቅባት ላይ ብዙ አልልም፤ ቅቤ፣ ጉሎ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽንኩርት ጭማቂ። ያለውን ፀጉር ያለሰልሳሉ፣ እንዳይሰባበር ይረዳሉ፣ የሞተ ስር ግን አያስነሱም። በምላጭ ደጋግሞ መላጨትም አያበዛውም፣ ጫፉ ስለተቆረጠ ሲዳስሱት ወፍራም ይመስላል እንጂ።

ሌላው ሁሉንም መርገፍ አንድ ማድረግ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ኖርማል ነው። ከወለዱ ከሁለት ከሶስት ወር በኋላ በእፍኝ ሲረግፍ "የሰው አይን ነው የበላኝ" የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ በአመቱ ራሱ ይመለሳል። ከባድ ህመም ወይም ከባድ ዳይት በኋላም እንደዛው። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ፀጉር ያረግፋል፣ ያ በደም ምርመራ ይታወቃል። ክብ ክብ እየሆነ ከተነሳ፣ ላሽ የምንለው፣ ፈንገስም ሊሆን ይችላል የሰውነት መከላከያ ራሱ ስሩን እያጠቃም ሊሆን ይችላል፣ መድሃኒታቸው ይለያያል፣ ስለዚህ ጎረቤት የሰጠችውን ከመቀባት የቆዳ ሀኪም ጋ መሄድ።

መድሃኒት የጀመሩትም ይሳሳታሉ። ሚኖክሲዲል የሚባለው ፀጉር ማብቀያ (መጀመሪያ የደም ግፊት መድሃኒት ነበር) በጀመሩት ሰሞን ጭራሽ ሊያረግፍ ይችላል፣ ሰው ይደነግጥና በሶስተኛው ሳምንት ይጥለዋል። ውጤቱ እኮ ከአራት ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ ካቆሙት ደሞ ያበቀለው ተመልሶ ይሄዳል። ፊናስቴራይድ የሚባለው የመላጣ ኪኒን ደሞ አንዳንዱ ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እርጉዝ ሴት ደሞ የተሰባበረውን በእጇም መንካት የለባትም፣ ስለዚህ ከጓደኛ ተቀብሎ አይዋጥም። ቱርክ ሄዶ ማስተከልም የኋላውን ወደፊት ማዘዋወር ነው እንጂ የቀረውን ከመርገፍ አያስቆመውም። በ23 አመቱ ግንባሩን ያስተከለ ልጅ ኋላ ላይ ያ ብቻውን እንደ ደሴት ሊቀርበት ይችላል።

አፍ ላይም ስህተት አለ። ወንድ ሲመለጥ "ሀብት መጣልህ" ተብሎ ይሳቃል፣ ሴት ስትሆን ቡና ላይ ድምፅ ተቀንሶ "ፀጉሯ ምን ነካው?" ነው፣ እሷ ግን ትሰማለች። እህቴ ሁለት አመት ሻሽ ሳታስር ሰው ፊት ያልወጣችው በመርገፉ አይመስለኝም፣ በዚህ ነው።

እኔ ባለፈው ወር መስታወቷን አየሁ። ሳንቲሟ የስኒ ማስቀመጫ አክላለች። "ዜሮ አርገው" አልኩት። አሁን አንድ ያልጠበቅኩት ስህተት አገኘሁ፣ መላጣ በፀሐይ ይቃጠላል፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደሞ ከፍታ ላይ ስለሆነ አይምርም፣ በሁለት ቀን አናቴ ተላጠ። ኮፍያዬን መልሼ አድርጌያለሁ። ለፀሐይ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ።