ዓለምን የከፈሉትን ሁለት መስመሮች በክፍል ካርታ ላይ ማስመር

ፖርቱጋልና ስፔን ውቅያኖስ ማዶ ያለውን ሁሉ የተካፈሉባቸውን መስመሮች በልሙጥ የዓለም ካርታ ላይ ማስመር ቀላል ነው፤ ጣጣው ቀለም መቀባቱ ላይ ነው።

ሁለት ፍሊፕ ቻርት በኮላ አጋጥሙ። 1 ዲግሪን 3 ሚሊ ሜትር ካደረጋችሁ ካርታው 108 በ54 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የምድር ወገብ ቁመቱን እኩል ይከፍላል፤ ዜሮ ኬንትሮስ ከግራ ጠርዝ 54 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል። በየ10 ዲግሪው (3 ሴንቲ ሜትር) በእርሳስ ሣጥን ሥሩና የባሕር ዳርቻውን ከአትላስ ሣጥን በሣጥን ገልብጡ። በርቀት አትለኩ፣ ዲግሪውን አንብቡ፤ በብዙ አትላስ ላይ ሣጥኖቹ እኩል አይደሉም። ለመፈተኛ ጎንደርን አስቀምጡ፦ ከዜሮ ኬንትሮስ 11.2 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ ከምድር ወገብ 3.8 ወደ ላይ። ነጥቧ ቀይ ባሕር ውስጥ ከገባች ዳርቻው ተዛብቷል።

የ1494ቱ የቶርዴሲያስ ውል መስመሩን ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች 370 ሊግ (የጥንት የርቀት መለኪያ) በስተምዕራብ አደረገው። ከየትኛዋ ደሴት እንደሚለካና የሊጉ ርዝመት ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ስለዚህ መጻሕፍት ቢለያዩ አትደንግጡ፤ 46.5 ዲግሪ ምዕራብን ይዛችሁ ከዜሮ 14 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ አስምሩ። የብራዚል ምሥራቃዊ ክፍል ለፖርቱጋል ይደርሳል። ሁለተኛውን፣ የ1529ኙን የሳራጎሳ ውል መስመር 145 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ፣ 43.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ አድርጉት። ፊሊፒንስ በመስመሩ የፖርቱጋል ድርሻ ናት፤ ከ1565 ጀምሮ የያዘቻት ግን ስፔን ስለሆነች በስፔን ቀለም ቀቧት።

ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን አፍሪካና እስያ በሙሉ በፖርቱጋል ቀለም ይሞላል። ውል ይዞታ አይደለም። ፖርቱጋል በዚያ በኩል በእጇ የነበሩት በዋናነት የባሕር ዳር ምሽጎችና ወደቦች ናቸው፤ ኤልሚና (የዛሬዋ ጋና፣ 1482)፣ ጎዋ (ሕንድ፣ 1510)፣ ማላካ (የዛሬዋ ማሌዥያ፣ 1511)፣ ማካው (ቻይና፣ 1557)። እነዚህን በነጥብ አሳዩ። የይገባኛል ጥያቄውን በቀጭን ሰያፍ መስመር፣ የተያዘውን መሬት ብቻ በሙሉ ቀለም።

ኢትዮጵያ ባዶ ትሁን። በ1541 ምጽዋ የወረዱት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ለርዳታ የመጡ ናቸው። «የፋሲልን ግንብ ፖርቱጋሎች ካልሠሩት ማን ሠራው ታዲያ?» የሚል ልጅ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም፤ ዐፄ ፋሲል በፖርቱጋል የሚደገፉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ በ1630ዎቹ ያባረረ ንጉሥ መሆኑን ንገሩት።

ዓመቶቹ ላይ «እ.ኤ.አ.» መጻፍ አትርሱ፤ 1494 በእኛ 1486 ነው። በማርከር ከመድመቃችሁ በፊት ከሥር ጋዜጣ አንጥፉ፤ ቀለሙ ዘልቆ ጠረጴዛ ያበላሻል።