ልጆች ቆሻሻ መለየትን በእጃቸው እንዲማሩ

ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ቆሻሻ መለየት ማስተማር የሚጀምሩት ባለ ቀለም መጣያዎችን በመግዛት ነው። መጀመር ያለበት ግን ከወዲያኛው ጫፍ ነው። የተለየውን ወረቀት፣ ፕላስቲክና ጣሳ ማን ይረከባል? በየስንት ቀኑ? እስከዚያ የት ይቀመጣል? የጽዳት ሠራተኞቹስ ያውቃሉ? ይህ ሳይታሰብ መጣያ ከተደረደረ ልጆቹ ጠዋት ለይተው የጣሉት ማታ አንድ ላይ ተገልብጦ ሲወጣ ያያሉ። ያን አንዴ ያየ ልጅ ሁለተኛ አይለይም፤ አይፈረድበትምም። ተረካቢ የተገኘው ለወረቀት ብቻ ከሆነ በወረቀት ብቻ ይጀመር።

ቀጥሎ መመዘን ነው። የአንድ ክፍል የአንድ ቀን ቆሻሻ ይጠራቀምና ውጭ በተዘረጋ ሸራ ላይ ይዘርገፍ። ልጆች ከመቅረባቸው በፊት መምህሩ ስባሪ ጠርሙስ፣ ምላጭ፣ ባትሪና ያገለገለ ሶፍት ለቅሞ ያውጣ። ከዚያ ልጆቹ ጓንት አድርገው በአምስት ክምር ይለዩታል፦ ወረቀትና ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ ጣሳ፣ የምግብ ትራፊ፣ ሌላ። እያንዳንዱ ክምር በባልዲ ይመዘናል (የባዶውን ባልዲ ክብደት መቀነስ የሚረሳ ቡድን አይጠፋም)። ኪሎው ብቻ ሳይሆን ስንት ባልዲ እንደሞላም ይጻፍ፤ ፕላስቲክ ባልዲውን ሞልቶ ሚዛኑን አያንቀሳቅስም፣ የምግብ ትራፊ ደግሞ ግማሽ ባልዲው ይከብዳል። የአንድ ቀን ውጤት ያሳስታል፤ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ያለበት ቀን ወረቀቱ ይበዛል። ስለዚህ አምስት ቀን ተመዝኖ አማካዩ ይወሰድ። ሲያበቃ እጅ በሳሙና።

መጣያዎቹ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ለብቻው የቆመ የወረቀት መጣያ በሳምንቱ የሁሉም ነገር መጣያ ይሆናል። ክዳኑ ላይ ሥዕል ከመለጠፍ ዕቃውን ራሱን መለጠፍ ይሻላል፦ የተጨማደደ ወረቀት፣ የተጨፈለቀ ጣሳ። የወረቀቱ ክዳን ጠባብ ስንጥቅ፣ የጠርሙሱ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቢኖረው ልጁ ሳያነብም ይገባዋል። አጠገቡ የፈሳሽ መድፊያ ባልዲ ይኑር። ግማሽ ጠርሙስ ጭማቂ ወረቀቱ ላይ ከፈሰሰ የሳምንቱ ድካም ይበላሻል፤ ዘይት የነካው ወረቀትም እንደዚያው ነው።

ስለ ፕላስቲክ ዓይነት ንግግር ማብዛት አያስፈልግም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ከውሃ ጠርሙስ ገላና ከክዳኑ የጣት ጥፍር የሚያክሉ ቁራጮችን መምህሩ ይቁረጥ። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ይደረግና ሁለቱም በጣት ተደፍቀው ይለቀቁ። ገላው ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ጠርሙሱ ፒኢቲ ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 1.38 ግራም ገደማ ሲመዝን የውሃው 1 ግራም ነው። ክዳኑ የሚሠራበት ፕላስቲክ ደግሞ ከውሃ ይቀላል። ፋብሪካዎችም ጠርሙሱን ፈጭተው ክዳኑን የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። የጠርሙሱ ቁራጭ ከተንሳፈፈ የአየር አረፋ ተጣብቆበታል፤ ሳሙናው ለዚህ ነው። ፕላስቲክ ዕቃ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ቁጥር ከ1 እስከ 7 የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል እንጂ ተረካቢ አለው ማለት እንዳልሆነ እዚያው ይነገራቸው። ለጣሳ ማግኔት ይበቃል፦ የብረቱ ይጣበቃል፣ አሉሚኒየሙ አይጣበቅም። አሉሚኒየም ከአሮጌ ጣሳ ሲሠራ ከማዕድን ለማውጣት ከሚያስፈልገው ጉልበት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ይወስዳል።

ጊዜ የሚሰጠው ግን ካገለገለ ወረቀት አዲስ ወረቀት ለመሥራቱ ነው። ያገለገለ ወረቀት ስቴፕልና ፕላስተሩ ተነቅሎ 2 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጠን ተቀዳዶ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። በማግሥቱ በሙቀጫ ይወቀጥ፤ መፍጫ ካለ አንድ እፍኝ ለአንድ ሊትር ውሃ ሂሳብ መምህሩ ይፍጨው። ቀጭን ገንፎ ሲመስል ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውሃ ተጨምሮበት ይበጥበጥ። ወንፊት የተወጠረበት ክፈፍ ቁልቁል ይጠልቃል፣ ታች ሲደርስ ይጋደማል፣ ከዚያ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይነሳል። ውሃው ሲንጠባጠብ ቆይቶ ክፈፉ ጨርቅ ላይ ይገለበጣል፤ ከጀርባው በስፖንጅ ተጭኖ ውሃው ይመጠጣል፤ ክፈፉ ከአንድ ጠርዝ ቀስ ተብሎ ይነሳል። በሌላ ጨርቅ ተሸፍኖ ክብደት ይጫንበትና ይድረቅ። ወረቀቱ ወንፊቱን አልለቅ ካለ ውሃው በደንብ አልተመጠጠም። ቀዳዳ ከበዛው ሳፋው ውስጥ ያለው ገንፎ ቀጥኗል። ከተጨማደደ ሳይጫን ደርቋል። የተረፈው ገንፎ ቧንቧ ስለሚደፍን ፍሳሽ ውስጥ አይደፋም፤ ተጣርቶ ወደ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ይሂድ።

ሲደርቅ ልጆቹ አዲሱንና የቀድሞውን ወረቀት ቀደው ጠርዙን በማጉያ መነጽር ይዩ። የእነሱ በቀላሉ ይቀደዳል። ወረቀት የሚሠራባቸው ቀጫጭን ጭረቶች በተሠሩ ቁጥር እያጠሩ ስለሚሄዱ ወረቀት ከ5 እስከ 7 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው ዳግም የሚሠራው። አንድ ቅጠል ወረቀት ስንት ባልዲ ውሃና ስንት ሰዓት እንደወሰደ ይቁጠሩ፤ በሁለቱም ገጽ መጻፍ ለምን እንደሚቀድም ከዚህ በኋላ ማስረዳት አይከብድም።

ኮምፖስቱ አጭር ነው፦ አንድ እጅ የምግብ ትራፊ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ እርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ማገላበጥ። ሥጋ፣ ወተትና ዘይት አይገቡም፤ አይጥ ይጠራሉ። ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ደረቅ ቅጠል ጨምሮ ማገላበጥ ነው።

ብዙ ፕላስቲክ ለሰበሰበ ክፍል ሽልማት መስጠት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ልጆች ጠርሙስ ለማምጣት ሲሉ ተጨማሪ ጠርሙስ ማስገዛታቸው ነው። ይልቅ ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው የሳምንቱ ቀናት እንደገና ይመዘን፣ በተገኙት ልጆች ቁጥር ይካፈል። የተለየው ጨምሮ ጠቅላላው ቆሻሻም አብሮ ከጨመረ ክፍሉ መለየት ቻለ እንጂ መቀነስ ገና አልጀመረም፤ የሚቀጥለው ወር ሥራ መጣያው ጋ ሳይሆን ምሳ ዕቃውና የውሃ ኮዳው ጋ ነው።